ቤች የምትባል ከተማ

ከጠዋቱ 4:20፣ ቂርቆስ

የዛሬው መንገዴ ከቂርቆስ ካዛንቺስ ነው፤ በእግር እንኳ የሚሄዱበት። ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራዩት የሰርቢያዊቷ መምህርት የእትዬ ሚለና እህት ነገ ረፋድ ላይ የልብ ቀዶ ጥገና ይደረግላታል። ቀዶ ጥገናው ክፍል ሳትገባ ሊያዩዋት ስለፈለጉ ለዛሬ ማታ ትኬት እንድቆርጥላቸው ፓስፖርታቸውንና ገንዘቡን ሰጡኝ።

«የት ልበል?»

«ቤች» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

ቤችን አላውቃትም። የተጨነቀ ሰው ላይ ጥያቄ ማብዛት ነውር መሰለኝና «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ይሉኝታ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ።

5:00፣ ካዛንቺስ

ሚኒባሱ በእስጢፋኖስ በኩል አሥራ አምስት ብር አስከፍሎ አወረደኝ። የማውቃቸው ቤቶች ፈርሰው መንገዱ ሰፍቷል፤ ረዳቱ ግን ዛሬም «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» ይላል።

ትኬት ቢሮው ውስጥ ቆራጯ ኮምፒውተሯ ላይ ሁለቴ ፈለገች። «እህቴ፣ ቤች የሚባል ሲስተሙ ላይ የለም። አገሩ የት ነው?»

«ማለቴ... ሰርቢያ መሰለኝ።»

«እዚያም የለም። ቶሎ በይ፣ የማታው በረራ እየሞላ ነው።»

ለእትዬ ሚለና ደወልኩ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሜ ደወልኩ፤ ተይዟል።

5:40፣ ቂርቆስ

በኮንትራት ታክሲ ተመለስኩ። እትዬ ሚለና ስልኩን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ሻንጣ ይዘጋሉ። «ቤች የት ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ቪየና ናታ!» አሉ ደንግጠው።

አብረን ታክሲው ውስጥ ገባን። አባቶቻቸው በንግድና በጦርነት የሚያውቋቸውን ከተሞች በራሳቸው አፍ ይጠሩ እንደነበር ነገሩኝ። ቤች የሚለውን ከሃንጋሪዎች ወሰዱት ይባላል፤ ኢስታንቡልንም ከጥንት «የንጉሥ ከተማ» ይሏታል።

«እናንተስ ቁስጥንጥንያ ትሉ የለ? ሩቁ ከተማ ግን ከነስሙ ነው የመጣልን። አዲስ አበባን እኛም አዲስ አበባ ነው የምንላት።»

ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እሰማቸው ነበር። አሁን ዓይኔ ከመኪናው ሰዓት አልነቀል አለ።

6:15፣ ካዛንቺስ

«ቪየና ነው እንዴ?» አለች ቆራጯ። «ውይ! አንድ ወንበር ነበረች፣ አሁን ተያዘች። ያለው የነገ ማታ ነው።»

እትዬ ሚለና አልተቆጡኝም። «ምናለ ብትጠይቂኝ?» ብቻ አሉ። ከቁጣ የባሰው ይኼ ነበር።

8:00፣ ቤት

እናቴ በር ላይ «ተገኘ?» አለችኝ። «ለነገ» አልኩና አልፌያት ገባሁ። በሕይወቴ ያደረግሁት አጭሩ ጉዞ ይኼ ነው፤ የከበደኝም ይኼው።

በሦስተኛው ቀን መልእክታቸው ደረሰኝ፦ «እህቴ ተርፋለች። ስትነቃ ግን አላገኘችኝም።»

«ይቅርታ እትዬ፣ መጠየቅ ነበረብኝ» ብዬ ጻፍኩ።

መለሱልኝ፦ «እንግዲህ ቤችን አወቅሻት።»