የልጄን ሥራ ለማየት ልደታ ድረስ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ልጄ ትዕግሥት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የነበራትን የነርስነት ሥራ ትታ፣ የማይድን በሽታ የያዛቸውን አረጋውያን ቤታቸው እየሄደች ትንከባከባለች። ሙያዋን ጣለችው ብዬ ተቀይሜያት ነበር። «አንድ ቀን አብረኸኝ ዋልና ፍረድ» ብላ ጠራችኝ።

ሸኖ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አንድ ኪሎ ቅቤ ገዛሁላት። አለልቱንና ሰንዳፋን አልፈን ላምበረት ስንደርስ ፀሐዩ ከርሯል። መገናኛ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በከተማው ባቡር ቆሜ ልደታ ጣቢያ ወረድኩ። ትዕግሥት ቦርሳዋን አንግታ ትጠብቀኛለች። በፍርድ ቤቱ ደጅ በባለጉዳዮች መሃል አልፈን ኮንዶሚኒየሞቹ ጋ ደረስን።

አራተኛ ፎቅ

ሊፍት የለም፤ ሁለቴ አርፌ ወጣሁ። በሩን የከፈቱልን ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ወንድሙ ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ካንሰሩ አጥንታቸው ገብቷል። ጥርሳቸውን ነክሰው ተኝተዋል።

«ጋሽ ወንድሙ፣ ትናንት እንቅልፍ ወሰደዎት?» አለች ትዕግሥት።

«ከየት መጥቶ ልጄ።»

የሞርፊን ሽሮፑን ጠርሙስ አንሥታ አየችው። ብዙም አልጎደለም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ።

«እኔ ነኝ የቀነስኩበት። ይሄ መድኃኒት ከተጀመረ ሰው አይቆይም አሉኝ። በእጄ እንዳልገድለው ፈራሁ።»

ልጄ አልተቆጣችም። እጃቸውን ያዘች። «እትዬ ጥሩነሽ፣ እሳቸውን የሚጎዳው በሽታው ነው። መድኃኒቱ በታዘዘው ልክና ሰዓት ከተሰጠ ሕመሙን ያስታግሣል። ከፈሩ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ።»

ከዚያ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ እንዴት እንደሚለካ አሳየቻቸውና ራሳቸው እንዲሰጡ አደረገች። ለክተው ሰጧቸው። ትዕግሥት መድኃኒቱ እስኪሠራ ጠብቃ፣ በቀስታ አገላብጣ ጀርባቸውን አጠበች። እኔ ሳፋውን ያዝኩ። ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ በዕድሜዬ አላየሁም።

ቀስ በቀስ የአቶ ወንድሙ ፊት ተፈታ።

«ጥሩዬ፣ እስቲ አጠገቤ ቁጭ በይ። ካወራን ስንት ጊዜያችን» አሉ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩ። «የእርስዎ ልጅ ናት?»

«አዎ፣ የእኔ ልጅ ናት» አልኩ። ድምፄ ከልማዱ ከፍ ብሎ ወጣ።

ደረጃው ላይ፣ «ልጄ፣ አጥፍቻለሁ» አልኳት።

«አባዬ፣ ይልቅ ቦርሳውን ያዝልኝ። ገና ሦስት ቤት ይቀረናል።»

ስመለስ

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትዕግሥት ደውላ አቶ ወንድሙ ማረፋቸውን ነገረችኝ፤ አልጋቸው ላይ፣ ሳይጨነቁ፣ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው።

ሐኪም አይድንም ካለ ሌላ የሚሠራ ነገር የሌለ ይመስለኝ ነበር። ትዕግሥት በደወለች ማግስት፣ ምን እለዋለሁ እያልኩ ለወራት የሸሸሁት የታመመ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ሄድኩ። «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» አልኩት። ትራሱን አመቻችቶ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረኝ ገባ።