የሰላምታው ርዝመት

ጦርነቱ ሲነሳ ከአሰብ ተባርረን ቆቦ ዳር በተተከለው ድንኳን ስንሰፍር ቆቦ የትውልድ አገሬ መሆኑን ለማንም አልተናገርኩም። ለዘመዶቼ ከአሰብ «ሱቅ ከፍቻለሁ» ብዬ ልኬላቸው ነበር። ሱቁ መሬት ላይ የተነጠፈ ሸራ ነበር። ስለዚህ ለውሃ ስሰለፍ ፊቴን በፎጣ እጠቀልላለሁ። ፀሐዩ ሰበብ ሆነልኝ፤ የራያ ቆላ ለደሃ የሚያዝነው በዚህ ብቻ ነው።

ጠባቂዎቻችን ጦር ግንባር ያልደረሳቸው ሚሊሻዎች ነበሩ፤ ውጊያቸውን እኛ ላይ ይወጡታል።

አንድ ቀን ከጎኔ ድንኳን ያለችው ሴት፣ ልጇን ትኩሳት ይዞት፣ ሰልፉን አልፋ ጀሪካኗን ቧንቧው ስር ደቀነች። አንዱ ሚሊሻ ጀርባዋን በዱላ አላት። ወደቀች። ደገማት። ሰልፈኛው ሁሉ አቀርቅሮ የራሱን እግር ያያል። ዱላውን እንደገና ሲያነሳ ፊቱን አየሁት፤ የአጎቴ ልጅ ነው።

ፎጣዬን ገለጥኩ። «አንተ፣ ዘመድ አታውቅም?»

«ወላሂ፣ ወንድምዓለም፣ አንተ ነህ?» ዱላውን ብብቱ ስር ሸጉጦ ትከሻዬን ሳመኝ።

በእኛ አገር ሰላምታ ቶሎ አያልቅም። ሰላም እየተባባልን ሳለ እንደማይመታት ገባኝና አስረዘምኩት።

«አጎቴ ደህና ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ማሽላውስ?»

«ዘንድሮ ወፍ ጨረሰው።»

«ግመሏስ?»

«ወለደች።»

«ያቺ ነጭ ላምስ?»

«እሷማ አንተ ከመሄድህ በፊት ሞታለች።»

«ጥጃዋስ?»

ሴትዮዋ በጉልበቷ ተነስታ ጀሪካኗን ይዛለች። ውሃው ቀጭን ነው። የቆቦን ዘመድ ጨርሼ ወደ ሮቢት ዘመዶቻችን ወረድኩ፤ ጎብዬ ስደርስ የምጠይቀው ሰው አለቀብኝ። ጀሪካኑ ገና ግማሽ ነው።

«በል ቤት እንሂድ» አለኝ። «የኛ ልጅ ሆነህ ከነዚህ ጋር ምን ትሠራለህ?» ዱላውን ለሌላው ሚሊሻ ጓደኛው አቀበለና እጄን ያዘኝ።

«ይቺንስ?» አልኩት።

«ምንህ ናት?»

«ጎረቤቴ ናት።»

«የድንኳን ጎረቤት!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እስከ ዛሬ ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ። ሰላምታውን ለምን እንዳስረዘምኩት ከመጀመሪያው ገብቷታል።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «የኔንም እናት ደህንነት ጠይቀው እንጂ። ደብረ ማርቆስ ናት።»

ጓደኛው ዱላውን ይዞ ቧንቧው አጠገብ ቆሟል። የአጎቴ ልጅ የካምፑን በር አስከፈተ። ወጣሁ።