አባቴ በእኔ አፍ የተናገረ ዕለት

በረኪናና የብርቱካን አበባ አንድ ላይ ሲሸቱኝ አፌ ይደርቃል። እዚህ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ይህ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ያጋጥማል፤ የታጠበው ደረጃ ሳይደርቅ መስኮት ይከፈትና ከቀሩት ጥቂት የብርቱካን ዛፎች ሽታው ይገባል። ሰው ሁሉ "እንዴት ደስ ይላል!" ሲል እኔ ውሃ ፍለጋ እሄዳለሁ። ትናንት በምሠራበት ክሊኒክ ደረጃ ላይ እንዲሁ ሆንኩ። ስለ አባቴ ልነግርህ የተነሣሁትም በዚህ ነው።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። በዚያ በትልቁ የአውሮፕላን ጉዞ ከአዲስ አበባ ከመጣን ዓመት ሊሞላን ጥቂት ቀርቶ ነበር። አባቴ፣ እናቴና እኔ መጣን፤ ታላቅ ወንድሜ ቀረ። አክስታችንን ሊያመጣ ጎንደር ሄዶ ሳለ ነው እኛ ድንገት "ተነሡ" የተባልነው። አዲስ አበባ ሲመለስ የተከራየናትን ክፍል ሌላ ሰው ገብቶባት አገኛት። እናቴ ከዚያ ወዲህ ስለ ዋጋ ስታወራም፣ ስለ ብርድ ስታወራም፣ ዞራ ዞራ የምታወራው ስለ እሱ ነበር።

የእናቴ ወገኖች በቤተ እስራኤልነታቸው የጸኑ ናቸው። የአባቴ ወገኖች ግን ከአያቱ ጀምሮ የተጠመቁ ነበሩ፤ እሱም ፊደል የቆጠረው ሚስዮኖች በከፈቱት ትምህርት ቤት ነው። ረሆቮት ከገባን በኋላ እንደ ሰው ቆብ አጠለቀ፣ እንደ ሰው ሰንበት አከበረ። ከኪሱ የማትለይ አንዲት ትንሽ ወንጌል ግን ነበረችው። ኡልፓን፣ ዕብራይስጥ የሚማርበት ቤት፣ ከሰጠው ደብተር ላይ ሽፋኑን ገሽልጦ አልብሷታል።

ማንበቡ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ግድ አይሰጠውም ነበር። የአባቴ ጣጣ ያነበበውን በማግስቱ መሥራቱ ነው። ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የመሥሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ ኮሪደር ያጸዳ ነበር። አንድ ምዕራፍ ሂድ ብሎ ለሚያስገድድህ ሁለት ሂድለት የሚለውን ካነበብኩለት በኋላ፣ የታዘዘውን ኮሪደር ጨርሶ ያልታዘዘውንም መጥረግ ጀመረ። አብሮት የሚሠራ የአገሩ ሰው ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ "ኧረ በእናትህ፣ ነገ እኛንም ሁለት ሁለት ሊሉን ነው! ልታስባርረን ነው እንዴ?" ብሎ ለመነው። አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። ከእኛ በታች የምትኖረው ጎረቤት "ከሰገነታችሁ ውሃ ወረደብኝ" ብላ በጮኸችበት ጊዜም፣ ዐርብ ዐርብ የእሷን ደጃፍ ያጥብላት ጀመር። ጩኸቷን ግን አላቆመችም።

ከሥራ ሲመለስ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ፣ የመስኮቱን መዝጊያ እስከ ግማሽ ዝቅ አድርጎ ከጎኑ ያስቀምጠኛል። ዐይኑ ስለ ደከመ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። እጁ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። በመዝጊያው ቀዳዳዎች የሚገባው ብርሃን ገጹ ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ እኔም አንዳንዴ በፊደሉ ፈንታ ነጠብጣቡን ስከተል መስመር ይጠፋኛል። ከሁሉ የሚወደው አዎ ስትሉ አዎ፣ አይደለም ስትሉም አይደለም ይሁን የሚለውን ነበር። "ይች እንኳ ለድሃ የተጻፈች ናት" ይላል። "ድሃ ከቃሉ በቀር ምን አለው?"

የወንድሜን ጉዳይ የያዘው ቢሮ አባቴን ሲጠራው ቤታችን ውስጥ ሁለት ቀን ጭቅጭቅ ሆነ። መጠየቁ የማይቀረውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ክርስቲያን የሆነ ቤተሰብ ልጁን ማስመጣት አይችልም፣ ወረቀቱ ይዘጋል ተብሎ ነበር፤ የተዘጋባቸውንም ሰዎች እናውቃለን።

"የለም በል። አንዲት ቃል ናት!" አለችው እናቴ።

"አንዲት መሆኗን አውቃለሁ" አላት።

"ልጄን አምጣልኝና ከዚያ በኋላ ሰገነት ላይ ወጥተህ አንብባት። እኔ ነኝ መብራት የምይዝልህ።"

አባቴ ኪሱን ዳሰስ አድርጎ ተነሣ። እሺ እንዳላላት እናቴ ታውቃለች። የሄድን ጠዋት ጫማዬን ሳስር ጸጉሬን የምታበጥርልኝ መስላ ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣ "እሱ ያሻውን ይበል። የምትናገሪው አንች ነሽ" አለችኝ። የዚያን ቢሮ አስተርጓሚ ሚሉኢም፣ የተጠባባቂ ወታደር አገልግሎት፣ ስለ ወሰዱት፣ እንድታስተረጉም ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ ተብለን ነበር።

የቢሮው ደረጃ ገና እየታጠበ ነበር። መስኮቱ ተከፍቶ የአበባው ሽታ ከበረኪናው ጋር ተደባልቋል። ጉዳያችንን የያዘችው ሴት ክፉ አልነበረችም፤ ለእኔ ከረሜላ ሰጠችኝ፣ ለአባቴ ወንበር ሳበችለት። የመንደር ስም ጠየቀች፣ የአያት ስም ጠየቀች፣ እኔም አንዱንም ሳላዛባ አመላለስኩ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"አባትሽን ጠይቂልኝ። በየሹ ያምናል? ልጁስ?"

የሹ የሚሉት ኢየሱስን ነው፤ ጥያቄውን እንዳለ ለአባቴ ነገርኩት። ለምን ሌላ ነገር እንዳልጠየቅሁት እስካሁን እገረማለሁ። ምናልባት እሱ ራሱ የለም እንዲል ፈልጌ ይሆናል። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"አዎ በያት። አምናለሁ፣ ልጄም ያምናል በያት። ሌላው ሁሉ በእሷ እጅ ነው።"

ወደ ሴትዮዋ ዞርኩ። "ሎ" አልኳት። የለም ማለት ነው። "አያምንም። እንደ አባቶቹ ነው።"

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አባቴ ኡልፓን ገብቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ቀን ያስተማሩት ሁለት ቃል ነው፤ ኬንና ሎ፣ አዎና የለም። ከዚያ በኋላ የተማረው ብዙም አልገባውም፤ እነዚያን ሁለቱን ግን አሳምሮ ያውቃቸዋል። ቀና ብሎ አየኝ። ሴትዮዋም ማረጋገጥ ፈልጋ ይሆናል፣ ፊቷን ወደ እሱ መልሳ "ሎ?" አለችው፣ ራሷን ግራና ቀኝ እየነቀነቀች።

አባቴ እኔን እያየ ቆየ። እያለቀስኩ አልነበረም፤ ከረሜላው አፌ ውስጥ ነበር። ከዚያ ዐይኑን ጉልበቱ ላይ ወዳለው ቆብ መለሰና "ቤሰደር" አለ። በቃ፣ ደህና፣ እሺ፣ እዚህ አገር ሰው ሁሉ ለሁሉ ነገር የሚለውን። ሴትዮዋ ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ ጨበጠችን።

በመንገድ ላይ ቁጣውን ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ግን የመኪና መንገድ ስንሻገር እጄን እንደ ሕፃን ያዘኝና፣ "ውሃ ጠምቶሽ ይሆናል" አለኝ። እናቴ ወሬውን ስትሰማ መሬት ሳመች። እኔ ያን ቀን ምንም አልተሰማኝም፤ ክንዴን ብቆነጥጥ የሌላ ሰው ክንድ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የመስኮቱ መዝጊያ ዝቅ አላለም። "አባባ፣ ላንብብልህ?" ስለው፣ "ተይው፣ ዐይንሽን ታደክሚዋለሽ" ይለኛል። ወንጌሏን ከኪሱ አውጥቶ ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ካልሲዎች ሥር አስቀመጣት። አንድ ቀን ያ የሥራ ጓደኛው መጥቶ፣ "ይኸው ሰውዬው ልብ ገዛ! የራሱን ኮሪደር ብቻ ጠርጎ ይቀመጣል" ብሎ እየሳቀ አወራን። አባቴም አብሮ ፈገግ አለ። እኔ ተነሥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ቆምኩ።

አሁን እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። ሽማግሌዎቻችን ያሉትን ለሐኪሙ፣ ሐኪሙ ያለውን ለሽማግሌዎቹ፣ ቃል ሳልጨምር፣ ቃል ሳላስቀር። ቤተሰብ ወደ ኮሪደር ጎትቶኝ "ካንሰር ነው አትበያቸው እባክሽ" ሲለኝ ሌላ አስተርጓሚ ፈልጉ እላለሁ። ደረቅ ናት ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። ወንድሜ ዛሬ እዚሁ አጠገባችን፣ መዝከረት ባትያ በምትባል ከተማ ልጆቹን ይዞ ይኖራል፣ አውቶቡስ ይነዳል። በምን እንደ መጣ ማንም አልነገረውም።

የመጣው ቢሮ ከሄድን በኋላ በሚቀጥለው ዓመት በጋ ነው። አንገቱ ቀጥኖ፣ ድምፁ ጎርንኖ ነበር። እናቴ ልቀቂው እስክትባል አልለቀቀችውም። ምሳ ቀረበ። ድሮ አዲስ አበባ ሳለን ማዕድ ፊት ቆመን አባቴ ይጸልይ ነበር፤ ወንድሜ ያንን ይዞ ቆየ። ስለዚህ ማንም ሳይለው ከወንበሩ ተነሣ፣ ዐይኑን ጨፈነና የአባቱን ድምፅ ጠበቀ። እኛም ቆምን። ከታች የጎረቤቷ ሬዲዮ ይሰማል።

"አንተ ጸልይ፣ ልጄ" አለው አባቴ።

ወንድሜ ዐይኑን ገለጠ። "ምነው አባባ፣ አንተ እያለህ?"

"እኔ አፍ የለኝም።"

"ጉሮሮውን አሞት ነው" አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

ወንድሜ ጸለየ። አጭር ነበር፤ ስላገናኘኸን አለ፣ በኢየሱስ ስም አለ። እናቴ መስኮቱን አየች። አባቴ ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ ዳቦውን አነሣና ቆረሰ። የመጀመሪያው ቁራሽ የእንግዳ ነው፤ ወንድሜ ሊቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር። የአባቴ እጅ ግን በወንድሜ ፊት አልፎ እኔ ዘንድ መጣ።

"እንኪ" አለኝ። "ብይ እንጅ።"

ይቅር እንዳለኝ ገባኝ። መግባቱ ገባኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተሰማኝም። ሁሉም በልቶ ሲነሣ ቁራሹ እጄ ውስጥ ነበር።