መተንፈሻ

አጋሮ ያለው ቤታችን ከቡና መፈልፈያ ጀርባ ስለሆነ የገለባው ብናኝ የማይገባበት ነገር የለም። እናቴ ቴሌቪዥኑን እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምታኖረው።

ያን ጠዋት በኢንተርኔት የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ። መብራት ጠፍቶ አድሮ ገና መምጣቱ ነው፤ የላፕቶፔ ባትሪ ሊያልቅ ደርሷል። ቻርጀሩን ብገፋው አልገባ አለኝ። አጎንብሼ ሳይ የቻርጀሩ ቀዳዳ፣ የፍላሹ፣ የኤችዲኤምአዩ፣ ሁሉም ጥጥ ተጠቅጥቆባቸዋል። በመርፌ ብጎረጉረው ጥጡ ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ። ጠያቂዎቹ ስሜን እየጠሩ ሳለ ስክሪኑ ድርግም አለ።

«ያ አላህ! እማ፣ ምን አድርጌሽ ነው?» ብዬ ጮህኩ፤ እንባዬ እየቀደመኝ።

እጇን በሻሿ እየጠረገች መጣች። «አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው እኮ» አለችኝ። ከዚያ ክቧን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በጣቷ አሳየችኝ። «ደግሞ መተንፈሻ ትቼለታለሁ።»