የጋሼ አየለ ሞተር ጀልባ

ጋሼ አየለ የቡሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ባሮ ላይ ለመንሸራሸሪያ ብቻ የገዟት ሞተር ጀልባ ነበረቻቸው። ከሱዳን በመርከብ የሚመጣው ቤንዚን ዋጋው እሳት ሲሆን ጀልባይቱ ሥራ ፈትታለች ሲባል ሰማሁ። ቡና ይዤ ከመቱ ጋምቤላ የወረድሁ ቀን ግን፣ «ና፣ ላንሸራሽርህ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ተሳፈርሁ። ጀልባይቱ ያለ አንዳች ድምፅ ቁልቁል ስትነጉድ ገረመኝ።

«ጋሼ፣ ሞተሩን አያስነሡትም?»

«ቤንዚን ተወዷል። ለመውረዱ ውሃው ይበቃናል።»

እኔ የደጋ ሰው ነኝ፤ ዋና አላውቅም። አሸዋው ላይ አዞ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ጋምቤላ ከዓይናችን ስትጠፋ አላስቻለኝም።

«ሽቅብ ስንመለስስ፣ ጋሼ?»

ከመቀመጫቸው ሥር ረጅም መቅዘፊያ ጎትተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና፣ «አንተን የጋበዝሁህ ለምን መሰለህ?» አሉኝ።