ስምንት ክፍል በአንድ ብሬከር

ስልክ የምጠግንባት ክፍል ግቢው ውስጥ ካሉት ስምንት የኪራይ ክፍሎች አንዷ ናት። አከራያችን ጋሼ፣ አንድ ተከራይ ስቶቭ ከሰካ የሱን ክፍል ለይተው አያጠፉም። ዋናውን ብሬከር ጠቅ! ስምንታችንም ድርግም። በጋምቤላ ሙቀት ፋን ሲቆምብህ ምን እንደምትሆን የቀመሰ ያውቀዋል። "ጥፋተኛውን ይለዩ እንጂ!" ስላቸው "ማን ጊዜ አለው?" ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ በራቸው ላይ ተቀምጠው እኮ ነው!

አንድ ቀን ከዲማ አንድ ወርቅ ቆፋሪ መጣ። ትከሻው በሩን ሞላው። የወርቅ መፈለጊያ ማሽን ይዟል።

"ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ለምስማር ይጮሃል፣ ለቆርኪ ይጮሃል። ዲማ ውስጥ እኔ ያላወጣሁት ቆርኪ የለም።"

"ብረት እለፍ ብለህ አታዘውም?"

"ማዘዣው ተቆልፏል። ጓደኞቼ ደግሞ ሳታሠራው ከመጣህ ከጉድጓዱ ውጣ ብለውኛል፤ ሌላ ባለማሽን አግኝተዋል። መኪናው ከሰዓት ይወጣል።"

ፕሮግራሙን ከማሽኑ ወደ ላፕቶፔ ገለበጥኩ። ስትከፍተው ቁጥር ብቻ ነው። የብረቱን ማዘዣ ቀየርኩና መልሼ ጫንኩት፤ ማሽኑ ተፋው። ፋይሉ ጫፍ ላይ የቁጥሮቹ ሁሉ ድምር ተጽፎ ካልገጠመለት አይቀበልም። ድምሩን ጻፍኩለት። አሁንም ተፋው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትልቅ ቁጥር ባይት በምትባል አንዲት የቁጥር ሳጥን ውስጥ አይገባም፤ ተቆራርጦ ነው የሚጻፈው። የትኛው ቁራጭ ይቅደም? እኛ የራሳችንን ስም እናስቀድማለን፣ አባት ይከተላል፣ አያት መጨረሻ። የአውሮፕላን ቲኬት ላይ ግን አያቴ ቀድሞ ይሳፈራል፣ እኔ ከኋላው እንጠለጠላለሁ። ይሄም ማሽን አያት አስቀዳሚ ነው። ኮሌጅ እያለሁ መምህሩን "ማን ይቅደም ብሎ የወሰነው ማነው?" ብለው "ፈተና ላይ አይመጣም" አለኝ። ኮምፒውተሩም አልመጣ፣ መብራቱም አልመጣ፣ ጥያቄዬም አይመጣም! ኮሌጁን ጥዬ ወጣሁ።

የድምሩን ቁራጮች አያት አስቀድሜ ጻፍኳቸው። ማሽኑ ዋጠው።

ግቢው ውስጥ ቆርኪ ጣልንለት። ዝም። ቆፋሪው ሊያቅፈኝ ሲል ባለሱቁ ሀጂ የሚስታቸውን የወርቅ ቀለበት አመጡልን። ለሱም ዝም።

"ሀጂ፣ ይሄ ቀለበት ግን ወርቅ ነው?"

"አፍህን ያዝ! ከመካ የመጣ ነው!"

ስልኬን አስጠጋሁለት። ዝም። ማሽኑ ዲዳ ሆኗል። ቆፋሪው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየኝ። 

ፋይሉን ሳየው አበድኩ። የብረቱ ማዘዣ ያለባት አንዲት ባይት ውስጥ ስምንት ማብሪያ ማጥፊያ አለ። አንዱ ብረት ማሳለፊያ ነው፣ አንዱ ድምፅ፣ ሌላውም ሌላ። እኔ አንዱን ለማብራት ብዬ ባይቱን በሙሉ ደምስሼ ጻፍኩበት። አንዱ በራ፣ የቀሩት ሰባቱ ድርግም። ለካ ጋሼ እኔው ነኝ!

የድሮውን ባይት መለስኩና ያቺን አንዷን ብቻ ነካሁ። ድምሩንም አስተካክዬ፣ አያት አስቀድሜ፣ መጫን ጀመርኩ። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑም አብሮ ይሞታል። ይሄኔ ከጎረቤቴ ከፀጉር አስተካካዩ ክፍል የሽንኩርት ቁሌት ሸተተ። ስቶቭ! ጋሼ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ቆፋሪ! ብሬከሩ ጋ ሂድ!"

ሄዶ ጀርባውን ለብሬከሩ ሰጥቶ ቆመ።

"ዞር በል፣ ግቢው የኔ ነው!"

"የርስዎ ነው ጋሼ። እርስዎ ከነኩት ግን ጉድጓዴ የሌላ ሰው ነው።"

"ስቶቭ ሰክተዋል እኮ!"

"የሰካው ያውና፣ እሱን ይንቀሉበት።"

"ማን ጊዜ አለው?"

"እኔ የለኝም፣" አለ ቆፋሪው። አልተነቃነቀም።

"አለቀ!" ብዬ ጮህኩ።

ቆርኪ፦ ዝም። ቀለበት፦ ግቢውን በጩኸት አናጋው። ሀጂ "አላልኩህም!" ብለው ቀለበታቸውን ነጠቁን። ቆፋሪው ማሽኑን ታቅፎ "አሁን ማን እንደሚያስወጣኝ አያለሁ" እያለ ወደ መናኸሪያው ሮጠ።

ብሬከሩን የሚጠብቀው ሰው ሄደ ማለት ነው። ጋሼ ጠቅ አደረጉት። ፋኔ ዞረ፣ ዞረና ቆመ።