የሥራ አስኪያጁ መስመር

አዲስ አበባ መሄድ አልፈልግም ነበር። ይኼን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። አብረውኝ የተመረቁት ልጆች አዲስ አበባ ለመቀጠር ሲሯሯጡ እኔ ሐዋሳ መቅረት መፈለጌ የሆነ ነገር የጎደለኝ ያስመስለኛል። ምንም አልጎደለኝም። ዩኒቨርሲቲ የደረሰኝ ሰሜን ነበር፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ተጨናንቀን ስንኖር የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተመርቄ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ያለው ቤታችን እገባለሁ፣ ጠዋት በባጃጅ መሃል ከተማ ሥራ እሄዳለሁ፣ ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ወጥቼ ዓሣ እበላለሁ። እንዳሰብኩት ሆነ። ደስ ብሎኝ ነው የምኖረው፣ ምን ላድርግ?

ስለዚህ የዋናው መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ደውሎ ያለኝን ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

"ስሚ እህቴ፣ ዓርብ ጠዋት እንሞክረዋለን። አራቱ መስመር እንደ አንድ ሆኖ ከሠራልሽ ሰርቨሩም አንቺም እዚያው ትቀመጣላችሁ። ካልሠራ ግን እቃውን አሽገን ወደዚህ ነው የምናመጣው።"

"እኔስ?"

"አንቺማ ከእቃው ጋር ነሽ። ምነው፣ አዲስ አበባ ትጠያለሽ እንዴ?"

"አዎ" አልኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መሰለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከየወረዳው የሚመጣውን መረጃ ሰርቨር በሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ላይ አስገብቶ ለአዲስ አበባ ይልካል፤ እሱን የምንከባከበው እኔ ነኝ። ለዚህ ከቴሌ የተከራየናቸው አራት ቀጫጭን መስመሮች አሉ። መስመሮቹ የገቡት እኔ ከመቀጠሬ በፊት ነው፤ ሲገቡም ልክ እንደ ወንበር በማዕረግ ነው የተከፋፈሉት። አንደኛው ለሥራ አስኪያጁ፣ ሁለተኛው ለፋይናንስ፣ ሦስተኛው ለእቃ ግምጃ ቤት፣ አራተኛው ደግሞ ለቀረነው ሁሉ። መርጠው የወሰዱት መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ስለሆኑ የእሳቸው መስመር ምርጡ ነው ይባላል። ማን ለካው? ማንም። ይባላል ነው።

ያን ሰሞን ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ገብቶ ሥራ አስኪያጁ ከስብሰባ ስብሰባ ነበሩ። ቢሯቸው ባዶ ነው፣ መስመራቸውም ባዶ ነው፣ እኛ ግን አንድ መስመር ላይ ተደራርበን አንዲት ፋይል እስክትሄድ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። "ባዶ መስመር ተቀምጦ ለምን እንሰለፋለን?" ብዬ ግምገማ ላይ ተናገርኩ። መልሱ "ጓዲት ትዕግሥት ይጎድላታል" የሚል ሆነ። ይጎድለኛል፣ እውነት ነው። የጠየቅኩት ግን እሱን አልነበረም።

ከዚያ ከአዲስ አበባ አንድ ካርድ መጣ። ፖርት አዳፕተር ይባላል፤ ትልቁ ስዊች ላይ የሚሰካ ነገር ነው። ስዊቹ እስከዚያ ድረስ የሚያገናኘው የቢሮውን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ብቻ ነበር፤ ይኼ ካርድ ሲገባለት ግን ከውጭ የሚመጣውን የቴሌ መስመር ራሱ ይቀበላል። አራቱንም ትሰኪበትና ከዛሬ ጀምሮ አንድ ናችሁ ትያቸዋለሽ። ከዚያ ወዲያ የማን መስመር የሚባል ነገር የለም። የሚላከው ነገር ተቆራርጦ በአራቱም ይሄድና አዲስ አበባ ሲደርስ ተራውን ጠብቆ ይገጣጠማል። ካርዱን ሳየው ተሽቀዳድሜ ካርቶኑን የቀደድኩት እኔ ነኝ።

ፋይናንሶች አጉረምርመው መስመራቸውን ሰጡ። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ መስመር እንዳለውም ትዝ ያለው ስጠይቀው ነው። የቀሩት ሥራ አስኪያጁ ነበሩ።

ቢሯቸው ከገባችሁ መጀመሪያ የምታዩት ዳንቴል ነው። ጸሐፊያቸው በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ከሥራ ፋታ ሲያገኙ እጃቸው ኪሮሽ ላይ ነው። ስልኩ ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ለብሷል፣ የኮምፒውተሩ ስክሪን ራሱ ሻሽ ያሰረ ይመስላል። የሥራ አስኪያጁ ሞደም፣ የቴሌ መስመሩ የሚገባበት ሣጥን፣ ደግሞ መስኮቱ አጠገብ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሙሉ ቀሚስ የሚያክል ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሞ ተቀምጧል። መብራቶቹ በዳንቴሉ ቀዳዳ ብልጭ ብልጭ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ያምራል።

"መስመርዎን ከሌሎቹ ጋር ልናዋህደው ነው" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው? የኔን ማንም ሊጠቀምበት?"

"እርስዎም የሁሉንም ይጠቀማሉ። ይፈጥንልዎታል።"

"ይፈጥናል?" ሲሉ ዓይናቸው ትንሽ በራ። "እንግዲያው ውሰጂው ልጄ። ሞደሙ ግን እዚሁ ይቀመጥ። እንግዳ ሲመጣ..." ብለው ተዉት።

"ቢሮው ራቁቱን ይሆናል" ብለው እትዬ ጨረሱላቸው።

ከእሳቸው ቢሮ እስከ እኔ ክፍል በኮርኒሱ ረጅም ኬብል ዘረጋሁ። እትዬ መሰላሉን ይዘውልኝ ከታች ሆነው፣ "ቀስ በይ! ወድቀሽ ጣጣ እንዳታመጪብን! ባል ሳታገቢ!" እያሉ ይጮኻሉ። በመሃል ስልክ ሲመጣ አንድ እጃቸውን ከመሰላሉ ሳይለቁ በሲዳምኛ ያወሩና ወደኔ ይመለሳሉ። ረቡዕ ዕለት አራቱም መስመር ካርዱ ላይ ተሰካ። አንድ ናችሁ አልኳቸው።

ባሰበት።

ትንሽ የባሰበት እንዳይመስላችሁ። ድሮ ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ትደርስ የነበረችው ፋይል ምሳ በልተንም አልደረሰችም። የፋይናንሷ ሴትዮ የክፍሌ በር ላይ ቆማ፣ "ለብቻችን በነበርን ጊዜ ምን ነበረን? ደህና ነበርን እኮ! አዋህደሽ ገደልሽን!" አለችኝ። አዲስ አበባ ደወልኩ። ኢንጂነሩ አልተናደደም፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

"አይዞሽ፣ ገና ሐሙስም አለሽ። ለማንኛውም ቤት ላፈላልግልሽ? ገርጂ ጥሩ ጥሩ ክፍል አለ።"

"የራስህን ቤት ፈልግ!" ብዬ ዘጋሁት።

ችግሩ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አራት መኪና ሙሽራ ሊያመጣ ሲሄድ አንዱ መንገድ ላይ ሲበላሽ አይታችሁ የለም? ሦስቱ ጥለውት አይሄዱም። ዳር ይዘው ቆመው፣ ክላክስ እያደረጉና እያጨበጨቡ ይጠብቁታል። የተዋሃደ መስመርም እንደዚያው ነው። በአንዱ የሄደችው ቁራጭ ከዘገየች በሌሎቹ የደረሱት ተቀምጠው ይጠብቋታል። ስለዚህ ከአራቱ አንዱ ታሟል። የትኛው?

ሐሙስ ጠዋት አንድ በአንድ እየነቀልኩ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ የእኛን የተርታዎቹን ነቀልኩ፤ ለውጥ የለም። መለስኩት። የግምጃ ቤቱን ነቀልኩ፤ ለውጥ የለም። የፋይናንስን ስነቅል ሴትዮዋ እንድትሰማ "እስቲ የናንተን ጉድ እንየው" ብዬ ጮክ አልኩ። ለውጥ የለም። እሷም "አየሽ!" አለች።

አሁን የሚቀረው አንድ ነው፤ ሕፃን ልጅም ይገባዋል። እኔ ግን ምን አደረግኩ? ካርዱን አውጥቼ እንደገና ሰካሁ። ስዊቹን አጥፍቼ አበራሁ። የጻፍኩትን ትእዛዝ ሁሉ አጥፍቼ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ማን ፊት እንደሆነ ሳላይ ያሰብኩትን የምናገር እኔ፣ ሰውዬው አለቃ ናቸው ብዬ አንዲት ኬብል መንቀል ከብዶኝ ግማሽ ቀኔን በላሁ። ደሞ ምርጡ መስመር ነው ይባላል። ምርጡ እንዴት ይታመማል?

ከምሳ በኋላ ገርጂ ትዝ አለችኝ። ነቀልኩት።

ወዲያው ከኮሪደሩ ማዶ ጩኸት ተሰማ። "ሄደ! ኧረ ሄደ! የጠዋቱ ሁሉ ሄደ!" የፋይናንሷ ሴትዮ ናት። ሦስቱ መስመር ያለ አራተኛው እየበረረ ነው። ደስታው ግን አልቆየም። አዲስ አበባ ያለኝ አራት ነው፤ ሦስት ይዤ ብቀርብ ያው ከእቃው ጋር መታሸጌ ነው። ተነስቼ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። ያን ቀን ስብሰባ አልነበራቸውም። ቀጥ ብዬ ወደ መደርደሪያው ሄጄ እጄን በዳንቴሉ ሥር ከተትኩ። እንደ ተጣደ ድስት ያቃጥላል።

"እትዬ፣ ይኼ ልብስ መቼ ለበሰ?"

"መስመሩ የገባ ቀን ነዋ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ በገዛ ክሬ ነው የሠራሁለት። ምነው?"

"ታፍኗል።"

"ማነው የታፈነው?"

"ሞደሙ ነዋ! መተንፈሻው ከላይ ነው። እርስዎ ደርበው አልብሰው አበባ ጭነውበታል። ሲግል ይሳሳታል፣ ሲሳሳት ሁላችንም እሱን እንጠብቃለን።"

ሥራ አስኪያጁ ከጋዜጣቸው ቀና አሉ። "ታዲያ የተበላሸው የኔ መስመር ነው?"

"መስመሩ ደህና ነው፣ ሞደሙ ነው። ከአራቱ የባሰው የእርስዎ ነው። ምናልባትም ከመጀመሪያው ጀምሮ።"

እትዬ በዓይናቸው ቆነጠጡኝ። ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሳቅ ጀመሩ፤ ሆዳቸውን ይዘው።

"ከመጀመሪያው ጀምሮ! እኔኮ ኢንተርኔት የሚባለው ነገር ተፈጥሮው ነው ብዬ ነበር። አንድ ገጽ እስኪከፈት ይኼን ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ምን ብዬ? ምርጡን መስመር ወስጄ ደግሞ ላማርር? ጥጋብ አይሆንብኝም?"

እትዬ ዳንቴሉን አንስተው ቀስ አድርገው ማጣጠፍ ጀመሩ። ቅር ብሏቸዋል። "እኔ ክብር ይሁን ብዬ ነው እንጂ..." አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ተባረኪ ልጄ፣ መልካም አድርገሻል። ግን ቀስ ብለሽ ብትናገሪው ምን ነበረበት?"

"ዓርብ እኮ ነገ ነው፣ እትዬ!"

ሞደሙን አጥፍቼ መስኮት ላይ፣ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንዲያገኘው አስቀመጥኩት። ሲበርድ መለስኩት። አራቱም ተነሱ። የሄደው ሁሉ ሳይዘገይ ደረሰ።

ዓርብ ጠዋት ኢንጂነሩ ከደወለ በኋላ ትልቁን የወረዳዎች ፋይል ላክሁ። ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ድምፅ ስሰማ ኬብሉ እንዳይነካ ብዬ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ ኮታቸውን አውልቀው፣ ከሞደሙ ፊት ቆመው በጋዜጣቸው ያራግቡታል። እትዬ ደግሞ "ወደ ግራም ጌታዬ፣ ወደ ግራም" ይላሉ። ሙቀት አልነበረውም፣ አያስፈልግም ነበር፣ ግን አላስቆምኳቸውም። ተመልሼ ስልኩን አነሳሁ።

"ደርሷል" አለ ኢንጂነሩ። "ሌላ ላኪ እስቲ።" ላክሁ። "ይኼም ደርሷል። እንዴ! ምን አድርገሽው ነው?"

"ልብሱን አወለቅኩለት።"

"ምን?"

"ምንም። አራቱም ይሠራሉ።"

"በይ እንግዲህ እዚያው ቅሪ። በኋላ ትቆጫለሽ ግን።"

"አልቆጭም" አልኩት፤ አልተቆጨሁምም።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ ከገመድ ላይ እያነሳች ነበር። "እማ፣ አልሄድም። ሠራልኝ" አልኳት። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝና ወዲያው ፊቷ ተቀየረ።

"ወይኔ! ክፍልሽን እኮ ለዚያች ማዶ ላለችው ነርስ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ።"

"ገና ሳልሄድ?"

"ሄድኩ ሄድኩ እያልሽ ስታለቅሺ ምን ልበል? በይ ሂጂና አንቺው ንገሪያት። እኔ ፊቷን ማየት አልችልም፣ ላንቺ ግን አይከብድሽም።"

ሄድኩ። ነርሷ በሯ ላይ ሆና ሰማችኝ። ክፍሉ የቀረባት ስለመሆኑ ምንም አላለችም። ይልቅ ከልቧ አዝና እጄን ያዘችና፣ "ውይ፣ አዲስ አበባው ቀረብሽ? አይዞሽ፣ ሌላ ጊዜ ይሳካልሻል" አለችኝ።

አፌን ከፍቼ ላስረዳት ነበር። ስዊቹን፣ ካርዱን፣ አራቱን መስመር፣ መቅረት የፈለግኩት ራሴ መሆኔን። ከቤታችን በኩል የእራት ሽታ መጣ።

"አሜን" ብያት ወደ ቤቴ ገባሁ።